የአራዳ ዳገት የገለጠው እንከን



አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ዳገቷንም ያውቃል። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ የሚወጣ መኪና ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ፊት ለፊት እያየ፣ እስከ ፒያሳ ድረስ እረፍት የለውም። ሜዳ ላይ ሲፈነጭ የዋለ ሞተር እዚህ ዳገት ላይ ልኩን ያውቃል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ዳገት፣ በርካሽ ስለተገዛች አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና፣ እንዲሁም ሰው ከሰው ስለሚደብቀው ነገር ነው።

ከሱብሒ በኋላ

ጊዜው መጋቢት 2016 ዓ.ም ነበር። በዚያ ዓመት የእኛ ረመዷንና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። በዚያው ሰሞን ፒያሳ ጓዟን እየሸከፈች ነበረች። ዶሮ ማነቂያና አካባቢዋ እንዲነሱ ተወስኖ፣ ነዋሪው ከፊሉ ቆርቆሮውን እየነቀለ፣ ከፊሉ አልጋና ቁም ሣጥኑን በር ላይ አውጥቶ መኪና ይጠብቅ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ እዚያ የኖረችው አክስቴም ዕቃዋን አስራ የምትጠብቀው የእህቴን ልጅ ነበር። ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት የጭነት መኪና ገዝቶ፣ "የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ የእማማ ዕቃ ይሁን፤ በረካ አለው" ብሎ ነበር።

ሱብሒን በኑር መስጊድ፣ ሕዝቡ በኒ በሚለው መስጊድ ሰግጄ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። "አጎቴ፣ ቆማብኛለች። ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች ነኝ" አለኝ። እስክደርስ ድረስ ተነስታ አገኘኋት። ከጎኑ ተቀመጥኩና ጉዞ ቀጠልን። ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ስንደርስ ጉልበቷ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጸጥ አለች። ልጁ ምንም ሳይናገር ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሞተሪኖውን ሲያዞር ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች።

የአክስቴን ዕቃ በኪራይ መኪና ጫንነው። ልጁም ገንዘቡን ከኪሱ ከፈለ። አክስቴ "አይዞህ ልጄ፣ ኸይር ነው" ብትለውም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

አራዳና መኪና

እስኪ ወደ መካኒኩ ከመሄዳችን በፊት ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። አራዳ ከጥንቱ የገበያ ቦታ ናት። በአፄ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። እህሉም፣ ከብቱም፣ ጨውና አሞሌውም፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም ሸቀጥ እዚያ ይሸጥ ነበር። የዓረብ፣ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን የከፈቱት በዚሁ ዙሪያ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ከተማዋን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። አራዳ ላይ የቀረው ደግሞ "ፒያሳ" የሚለው የጣሊያንኛ ስም ነው።

መኪናም ወደዚህች ከተማ የመጣው ቀደም ብሎ ነው። በ1900 ዓ.ም ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ፣ በበረሃና በገደል አቆራርጦ፣ ለአፄ ምኒልክ አውቶሞቢል አምጥቶ ነበር። በጣሊያን ዘመን ግን የጭነት መኪና በብዛት ገባ። ከጭነት መኪናው ጋርም ቋንቋው ገባ። ዛሬም ጋራዥ ሄዶ ጆሮውን ለሚሰጥ ሰው ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ካንዴላው፣ ሞተሪኖው ሁሉ ከዚያ የመጣ ስም ነው። "መኪና" የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው። የኋለኛው ትውልድ ያወቀው ትልቁ የጣሊያን የጭነት መኪና ኤንትሬም በአገራችን ዳገት ሁሉ ላይ ስሙን ጽፎ አልፏል።

እስከ 2012 ዓ.ም ድረስ ሌሊት በአትክልት ተራ ያለፈ ሰው የአይሱዙ መኪኖች ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን ተጭነው ተደርድረው ያይ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ስንት ቤተሰብ በአንድ የጭነት መኪና እንደኖረ፣ ስንት ልጅ በዚያ እንደተማረ ያ ሠፈር ይመሰክራል። የእህቴ ልጅም አሳቡ ይኸው ነበር፤ ከመቂና ከዝዋይ በኩል ሽንኩርት እያመጣ እናቱንና ታናናሾቹን ለመርዳት።

ግዢው

ገንዘቡ የእርሱ ብቻ አልነበረም። እናቱ ወርቋን ሸጠች፣ ሁለቱ አጎቶቹ ያለወለድ አበደሩት፣ እኔም የአቅሜን ጨመርኩ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት ውድ ካደረገው ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞር አብዝታለች። ስለዚህ ከገበያው ዋጋ በጣም ዝቅ ያለች መኪና ስትገኝ ልጁ ቸኮለ።

ሻጩ ደጁ ድረስ በአክብሮት ተቀበለው። መኪናዋ አስቀድማ ተነስታ፣ ሞተሯ ሞቆ ጠበቀችው። ሜዳ ላይ ሁለት ዙር ነዳት። ቀለሟ አዲስ ነበር፤ ፊልትሮዋ እንኳ አዲስ ነበር። "ነዳጇ ላይ ችግር አለ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ "እንደምታያት ናት" አሉት። ልጁ ይህን መልስ "ችግር የለባትም" ብሎ ተረጎመው። ውድ አንባቢያን፣ "እንደምታያት ናት" ማለትና "ችግር የለባትም" ማለት አንድ አይደሉም።

ምርመራው

ከፒያሳ ጀርባ፣ ሊፈርስ ቀን ከተቆረጠለት ግቢ ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ ብለው መሩን። በልጅነታቸው ከጣሊያን ጋራዥ የተማሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። መፍቻቸውን በእንጨት ሣጥን እያሰሩ አገኘናቸው። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እባክዎ ይቺን ይዩልኝ" አላቸው ልጁ። "ልጄ፣ እኔም ለቅቄ መሄዴ ነው። ግን ቁም፣ እንያት" አሉት።

መጀመሪያ መፍቻ አላነሱም። ጠየቁት። "ጠዋት ቶሎ ትነሳለች?" "አዎ።" "ሜዳ ላይስ?" "ደህና ናት።" "የምትቆመው ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው?" "ዳገት ላይ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ።" "ስትደክም ጥቁር ጭስ ታወጣለች?" "አታወጣም።" "ቆይታ ራሷ ትነሳለች?" "አዎ ጋሼ።" አንገታቸውን ነቀነቁ።

ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ሲያንስ የሚወጣ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ አየሩ በሳሳበት ከፍተኛ ቦታ ደግሞ ይብሳል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ነጭ ጭስ ነዳጁ ሳይቃጠል መውጣቱን ወይም ውሃ መግባቱን ያሳያል። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ብቻ ከጠፋ ግን ነዳጁ ራሱ በበቂ ሁኔታ አልደረሰም ማለት ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፤ መስመሩ ከጠበበ ጉድለቱ የሚታየው ያኔ ነው። አርፋ የምትነሳ ከሆነ ደግሞ በታንከሩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ሲሳብ አፉን እየዘጋ፣ መሳቡ ሲቆም እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ በአንድ፣ ከቀላሉ ጀምረው ፈተሹ። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ፈታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። የአየር ማስገቢያው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ሲከፈት አየር በኃይል ሲገባ ይሰማ ነበር። አልተሰማም። ሁለተኛ፣ ውሃ ከሚጠራቀምበት ማጣሪያ ሥር ጥቂት በጠርሙስ ቀዱና ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ትንሽ ቆይቶ ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከሥር፣ ቡናማ ዝገት ደግሞ ከሁሉም በታች ረጋ። ሦስተኛ፣ የእጅ ፖምፓውን ጫኑት። "አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖር ኖሮ ይህ እየላላ አረፋ ይተፋ ነበር። ይኸው ግን ሲጫን ደህና ነው፤ ለመመለስ ነው የሚያስቸግረው። ከኋላ የሚጎትተው ነገር አለ" አሉ።

ከዚያ ፊልትሮውን ፈትተው በመጋዝ ቆረጡት። ከውጭ አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ፊልትሮ ውስጡ በዝገት ጭቃ ተሞልቷል። "አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ፊልትሮ ብቻውን ሳይ እጠራጠራለሁ" አሉ ጋሼ። "አንዳንዱ ሰው ለመኪናው ይቀይራል። አንዳንዱ ደግሞ ለገዢው ይቀይራል።"

የሽቦው ምልክት

የመጨረሻው ፈተና የጀሪካን ፈተና ነው። ንጹሕ ናፍጣ በንጹሕ ጀሪካን አድርጎ፣ ታንከሩን ትቶ፣ ነዳጁን ከጀሪካኑ በቀጥታ መስጠት፤ ትርፉ የሚመለስበትንም ቱቦ ወደዚያው መክተት። ሞተሩ እንዲህ ሆኖ በደህና ከሠራ ጥፋቱ ከፖምፓውና ከኖዝሉ አይደለም፤ ከኋላ፣ ከታንከሩና ከመስመሩ ነው።

የእህቴ ልጅ እንደ ልማዱ ቱቦውን ወደ አፉ አስጠግቶ ናፍጣውን ሊስብ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። "ጾመኛ አይደለህም እንዴ?" አሉት። ልጁ ደንግጦ ለቀቀ። "ባትጾምም ናፍጣ በአፍ አይሳብም። ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል" ብለው በእጅ ፖምፓ ሞሉት። እርሳቸውም ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ነበሩ።

ጀሪካኑን ከጋቢናው ጀርባ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ለማሰር ሲወጡ ግን ድንገት ቆም አሉ። "ና ወዲህ" አሉኝ። ብረቱ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ክብ ምልክት አለ፤ ዳር ላይ የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል። የጀሪካን ማሰሪያ ነው። ከእኛ በፊትም አንድ ሰው ይህንኑ ፈተና ፈትኖ፣ ጥፋቱን አግኝቶ፣ ምናልባትም በጀሪካን እየነዳ ከርሞ፣ በመጨረሻ ጀሪካኑን አንስቶ ፊልትሮውን ቀይሮ ሸጧል። ማንም ምንም አልተናገረም። ልጁ ሽቦውን በጣቱ ነካው።

በጀሪካኑ መኪናዋ ያንኑ የቸርችል ዳገት ሁለት ጊዜ ያለ ምንም ችግር ወጣች። ታንከሩ፣ ሳልባትዮ የሚሉት፣ ወርዶ ሲከፈት ውስጡ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ተልጦ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያለ ሥራ በቆመች መኪና ግማሽ ባዶ ታንከር ውስጥ አየሩ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ጤዛው ወደ ታች ወርዶ ብረቱን ያዝጋል፤ በውሃውና በናፍጣው መካከል ደግሞ ጥቁር ልጋግ የሚሠሩ ረቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ። የሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ የነበረው ወንፊትም ተቀዶ ወጥቷል። "ዝገቱ ፊልትሮውን አልፎ ቢሆን ፖምፓውን በልቶት ነበር። አምላክ አትርፎሃል" አሉት። ታንከሩን አጥቦ መበየድ ይቻል እንደሆነ ስንጠይቅም አስጠነቀቁን፦ ባዶ የነዳጅ ታንከር በውስጡ የቀረው ትነት እንደ ቦምብ ይፈነዳልና ሳያውቁ እሳት አያስጠጉትም። ከሶማሌ ተራ ሌላ ታንከር ተገዛ፤ መስመሩ ተነፋ፣ ሁለቱም ማጣሪያዎች ተቀየሩ። ጋሼ የተቀበሉት የድካማቸውን ብቻ ነው። በሳምንቱ ያ ግቢ አልነበረም።

እርጥቡ እህል

ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጥገናው ከመጀመሩ በፊት፣ በዚያው ማታ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ደላላ ለልጁ ደወለ። "ፊልትሮ ቀይርና አምጣት፤ ገዢ አለኝ፣ ገንዘብህን ታወጣለህ" አለው። ልጁ ወደ እኔ መጣ። "አጎቴ፣ እኔም እኮ እንዲሁ ነው የተሸጠችልኝ። የእናቴ ወርቅ አለበት" አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣሁ። እኔም ገንዘቤ እዚያ ውስጥ ነበረ።

ከዚያ አንድ የምናውቀው ሐዲስ ትዝ አለኝ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ይህን ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበውታል። ልጄን እንዲህ አልኩት፦ "አዲሱ ፊልትሮ ምንድን ነው? ከላይ የተበተነ ደረቅ እህል ነው። እርጥቡ ታንከሩ ውስጥ ነው። ያ ሰው እጅህን አላስገባህም ብሎ ሸጠልህ። አንተ ግን እጅህን አስገብተህ አይተሃል።"

ኢማም አቡ ሐኒፋም (ረሒመሁላህ) የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ልብስ እንከኑን ሳይናገር በሸጠ ጊዜ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ሊያገኙት ስላልቻሉ ገንዘቡን በሙሉ ለምጽዋት እንደሰጡት ይተረካል። ከእጃቸው የወጣው ለንጽሕናቸው ሲሉ ነው።

በሸሪዓ ሕግ የተደበቀ እንከን ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው ዑለማዎች አስተምረዋል። ሻጩ "እንዳለች ነው የሸጥኩት" ሲል ግን ዝርዝሩ ስለሚለያይ አዋቂ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛም ሁለት ሽማግሌ ይዘን ወደ ሻጩ ሄድን። ሻይ አቀረቡልን። "ትልቅ ሰው ነህ፤ አይተህ ገዛህ" አሉት። ስለ ሽቦው ሲጠየቁ ዝም አሉ። አንድ ብር አልመለሱም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለአላህ ትተው ተነሱ፤ እኛም ተነሳን።

ልጁ መኪናዋን አልሸጠም። አሠራት። በጋቢናዋ ውስጥ አንድ ደብተር አለ፤ የተቀየረው ሁሉ፣ ያልተቀየረውና ያረጀውም ሁሉ በቀን ተጽፎበታል። በ2017 ዓ.ም ጥሩ ዋጋ ያቀረበ ሰው መጥቶ ነበር። ልጁ ደብተሩን ሰጠው። ሰውየው አገላብጦ አነበበ፣ አመሰገነ፣ ተመልሶ ግን አልመጣም። የአጎቶቹ ብድርም ካሰብነው ዘግይቶ እየተከፈለ ነው። እናቱ ግን ስለ ወርቋ ስትጠየቅ "ልጄ ሐላል እያበላኝ ነው" ትላለች።

ለሚገዛም ለሚሸጥም

አሮጌ የጭነት መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች ከጋሼ የሰማነውን እናካፍላችሁ።

1. መኪናዋ ቀዝቃዛ ሳለች ድረሱ። ሞተሩን በእጃችሁ ዳሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

2. ሜዳ ላይ ብቻ አትንዱ። ዳገት ላይ፣ ቢቻል ጭነት ይዛ፣ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ፈትኗት።

3. ከታንከሩ ሥርና ከውሃ ማጣሪያው ጥቂት ናፍጣ በጠርሙስ ቅዱና እስኪረጋ ጠብቁ። ጠርሙሱ ከደላላው የተሻለ ይናገራል።

4. ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሩ፦ ክዳን፣ ቱቦ፣ ፊልትሮ፣ ታንከር። ፖምፓና ኖዝል የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። ሳይመረምር "ፖምፓው ይቀየር" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠይቁ።

5. አዳዲሶቹ በኮምፒዩተር የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች በቱቧቸው ውስጥ ያለው ግፊት ቆዳን በስቶ የሚገባ ነው። ሞተሩ እየሠራ ማሰሪያቸውን አትፍቱ። የጀሪካን ፈተናውንም በቤንዚን መኪና ላይ በፍጹም አትሞክሩ።

6. ናፍጣን በነጭ ጋዝ ቀላቅሎ የሚሸጥ ካለ ራቁ። ናፍጣ ፖምፓውን ያለሰልሳል፤ ነጭ ጋዝ ግን ያደርቀዋል።

7. የምትሸጡ ከሆናችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እንከኑን የሰማ ገዢ ዋጋ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ግን መጀመሪያውኑ የእናንተ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ወደ ፒያሳ ብትሄዱ ያ የቆርቆሮ ግቢ የለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ ቆሟል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ከአክስቴ ጎረቤቶች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል። ዳገቱ ግን እንዳለ ነው። የእህቴ ልጅ ለሱብሒ ወደ ኑር መስጊድ በመጣ ቁጥር የሚመጣው በዚያው ዳገት ነው። መኪናዋን እየነዳ የማዘጋጃ ቤቱን ጫፍ ሲያልፍ፣ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አልሐምዱሊላህ" ይላል።

አላህ በግዢና በሽያጫችን፣ በንግግራችንና በዝምታችን ላይ በረካውን ያድርግልን። አሚን።